ምሰሶና አከርካሪ፦ ቀራጺዎች በቤትና በሰው ገላ መካከል ያዩት ዝምድና

በገጠር አዲስ ጎጆ የሚቀልስ ሰው አስቀድሞ የሚያቆመው የቤቱን አጥንት ነው። ቋሚው እንጨት ዙሪያውን ይተከላል፤ ማገሩ በልጥ ወይም በሚስማር ይያያዛል፤ ምሰሶው በመሐል ቆሞ የጣራውን ክብደት ይቀበላል። ቀጥሎ ከጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ይመረግና አጥንቱ ሥጋ ይለብሳል። ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በላመ ጭቃ ይለሰናል፤ ይህም ቆዳው ነው። ሣሩ በላዩ ይከደናል። በመጨረሻ ምድጃው ላይ እሳት ይነድና ጭሱ በክዳኑ መሐል ሾልኮ ሲወጣ፣ ከሩቅ የሚያይ መንገደኛ በዚያ ቤት ሰው እንዳለ ያውቃል።

ጭሱ ምልክት ብቻ አይደለም። እንጨቱንና ሣሩን እያጠነ ከነቀዝና ከተባይ ይጠብቃል፤ እርጥበቱንም ያደርቃል። ሰው የተለየው ጎጆ ቶሎ የሚያረጀው እሳት ስለማይነድበት፣ የተሰነጠቀውን የሚመርግለት፣ የሳሳውን ክዳን የሚተካለት እጅ ስለሚያጣ ነው። ቤቱ ሰውን ከብርድና ከዝናብ ይጠብቃል፤ ሰውም ቤቱን ከመፍረስ ይጠብቃል።

ቤትን ከሰው ገላ ጋር አያይዞ ማየት የገጠር ነዋሪ ልማድ ብቻ አይደለም። ባለፉት ሰማንያ ዓመታት በዓለም ስማቸው ከገነነ ቀራጺዎች መካከል በርካቶቹ ይህንኑ ዝምድና በድንጋይ፣ በብረት፣ በኮንክሪትና በጨርቅ ሲመረምሩት ቆይተዋል። ቤት ለሰው ምኑ ነው? ሁለተኛ ገላው ነው ወይስ ልብሱ? እናቱ ነው ወይስ እስር ቤቱ? ሰው ከሞተ ወይም ከተሰደደ በኋላስ በቤቱ ውስጥ ምን ይቀራል? ከዚህ በታች የቀረቡት ሥራዎች እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሡ ናቸው። (የውጭ ሀገራት ዘመናት በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቋንቋው የያዘው ምስጢር

ወደ ቀራጺዎቹ ከመሻገር በፊት አማርኛው ራሱ የሚለውን መስማት ይገባል። አንድ ጎብኚ የሚቆምበት «ደጃፍ» ደጅና አፍ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ የደጅ አፍ ማለት ነው። ቤት «ፊት» አለው፤ «ጀርባ» አለው፤ «ጎን» አለው። ጎጆው ጉልላት የሚደፋው በ«አናቱ» ላይ ነው።

ነገሩ በአካል ክፍሎች ብቻ አያበቃም። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ቤትንና ሰውን የሚያመለክቱ ሁለት የግእዝ ቃላት ተጣምረው የወጣ ነው። «እመቤት» የቤት እናት ናት። ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን «ባለቤቴ» ብለው ይጠራሉ። ልጅ ሲያገባና ራሱን ሲችል «ጎጆ ወጣ» ይባላል፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ «ቤታቸው ፈረሰ» ይባላል፤ የቤተሰቡ ደጋፊ ሲሞት ለቀስተኛው «የቤቱ ምሰሶ ወደቀ» ብሎ ያለቅሳል።

ከሁሉም ይልቅ ምስጢር የያዘው «ገመና» የሚለው ቃል ነው። ገመና በልብስ የሚሸፈነው የሰው ዕርቃን ነው፤ በግድግዳ የሚሸፈነው የቤት ውስጥ ጉዳይም ገመና ነው። ልብስና ግድግዳ በአንድ ቃል ተጠቃለው አንድ ሥራ ሲሠሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት ቀራጺዎች አንዷ የነበረችው ሉዊዝ ቡርዥዋም ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በዚህ ጉዳይ ላይ ነበር።

ራሷ ቤት የሆነባት ሴት

ሉዊዝ ቡርዥዋ በ1911 በፓሪስ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ጥንታውያን ሥዕላዊ ምንጣፎችን ይነግዱና ያድሱ ነበር። ልጅቱም ገና በለጋነቷ፣ በእርጅና የተበሉትን የምንጣፎቹን ክፍሎች እየሳለች የእድሳት ሥራውን ታግዝ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የታችኛው ጠርዝ ስለነበር፣ በእጇ ደጋግማ የሳለችው እግሮችን እንደነበር ከጊዜ በኋላ ተናግራለች።

ቤቱ ከውጭ ሲታይ የተሟላ ነበር። በውስጡ ግን ገመና ነበረው። ልጆቹን እንግሊዝኛ እንድታስተምር ተቀጥራ ከቤተሰቡ ጋር የምትኖረው መምህርት ከአባትየው ጋር የፍቅር ግንኙነት ነበራት። እናትየው እያወቀች ዝም አለች። ያ ዝምታ በልጅቱ ልብ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የማይሽር ቁስል ሆኖ ቆየ። እናቷ በ1932 ስትሞት ሉዊዝ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። በሶርቦን ሒሳብ ስትማር ከቆየች በኋላ ወደ ሥነ ጥበብ ዞረች፤ በ1938 አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ አግብታ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረች። በዚያም ሦስት ወንዶች ልጆች ማሳደግ ጀመረች።

ልጆቿን በምታሳድግበት በዚያ ዘመን፣ ከ1945 እስከ 1947 ባሉት ዓመታት፣ «ፋም ሜዞን» የተሰኙ ሥዕሎችን ሠራች። ትርጉሙ በፈረንሳይኛ «ሴት ቤት» እንደማለት ነው። በሥዕሎቹ ላይ የምትታየው ሴት ከወገቧ በታች ዕርቃኗን የቆመች ሰው ናት፤ ከወገቧ በላይ ግን መስኮትና በር ያለው ቤት ናት። ፊት የላትም፤ ፊቷን ቤቱ ውጦታል። በአንደኛው ሥዕል እጇ ከቤቱ ጎን ወጥቶ ይውለበለባል። ሰላምታ ይሁን የድረሱልኝ ጥሪ፣ ተመልካቹ ራሱ መወሰን ይኖርበታል። ሴትዮዋ ራሷን በቤቱ ውስጥ የሸሸገች ትመስላለች፤ ሆኖም የሸሸገችው ላዕላይ ገላዋን ብቻ ስለሆነ ገመናዋ ለአላፊ አግዳሚው ተገልጧል። መጠለያ የመሰላት ቤት ዓይኗን ጋርዶ ገላዋን አጋልጧታል።

ይህ ሥራ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። አንዲት እናት ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ሥራ የለኝም፤ የቤት እመቤት ነኝ» ብላ ስትመልስ መስማት የተለመደ ነው። ውኃ የቀዳችው፣ እንጨት የለቀመችው፣ እንጀራ የጋገረችው፣ መደቡን በእበት የለቀለቀችው፣ ሕፃኑን ያዘለችው እርሷ ናት፤ ሥራዋ ግን ከቤቱ ተለይቶ ስለማይታይ በስም አይጠራም። ቡርዥዋ የሣለቻት ሴት ፊት ያጣችውም ቤቱና እርሷ ተለይተው የማይታዩ ስለሆኑ ነው። ሥዕሉ ቤትን አያወግዝም፤ ቤቱን የተሸከመው ማን እንደሆነ ግን ይጠይቃል።

ቀራጺዋ ጉዳዩን ከዚያ በኋላም አልተወችውም። በ1994 ያንኑ ሐሳብ በነጭ እብነ በረድ ቀረጸችው። በስተርጅናዋ ደግሞ የራሷን አሮጌ ልብሶችና የቤት ጨርቆች እየቀደደችና እየሰፋች የሰው ገላዎችን ሠራች።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ «ሴል» ብላ የጠራቻቸውን ሥራዎች መገንባት ጀመረች። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ የእስር ቤት ወይም የመነኩሴ ክፍል ማለት ነው፤ ሕይወት ያለው ገላ የተሠራበት ሕዋስ ማለትም ነው። ስያሜው ገላንና ክፍልን በአንድ ቃል ይይዛል። ሥራዎቹ ከአሮጌ በሮች፣ ከሽቦ አጥርና ከመስኮት የተሠሩ ክፍሎች ሲሆኑ፣ በውስጣቸው አልጋ፣ ወንበር፣ ልብስ፣ መስተዋትና በድንጋይ የተቀረጹ የገላ ክፍሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ሾዋዚ በተባለው የፓሪስ አካባቢ ትኖርበት የነበረውን የልጅነት ቤቷን በሐምራዊ እብነ በረድ አሳንሶ ያሳያል። ከቤቱ በላይ የአንገት መቁረጫ ስለት፣ ማለትም ጊሎቲን፣ ተንጠልጥሏል። ተመልካቹ በሽቦው ክፍተት አጮልቆ ከማየት በቀር ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። የሰው ቤት ገመና የሚታየውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በሩቁና በቀዳዳ።

ቤት የሆነች እናት

ቡርዥዋ በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የታወቀችበት ሥራ ግን ቤት አይመስልም። በ1999 የተሠራው «ማማን» የተባለው ግዙፍ የብረት ሸረሪት ነው። «ማማን» በፈረንሳይኛ «እማዬ» ማለት ነው። ቁመቱ ከ9 ሜትር ይበልጣል፤ ሰው በስምንቱ ቀጫጭን እግሮች መካከል ገብቶ ቀና ሲል፣ በሆዱ ሥር በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ የእብነ በረድ እንቁላሎችን ያያል። ሥራው በለንደን ቴት ሞደርን በ2000 ሲከፈት በሰፊው አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ቀርቧል። በነሐስ የተቀዱት ቅጂዎቹ ዛሬ በስፔን ቢልባኦ፣ በካናዳ ኦታዋና በጃፓን ቶኪዮ ቆመው ይታያሉ።

ብዙ ሰው ሸረሪትን ይጸየፋል ወይም ይፈራል። ቡርዥዋ ግን በሸረሪቷ ያየችው የተቀደደውን ስትጠግን የኖረች እናቷን ነው። ሸረሪት ቤቷን የምትሠራው ከሌላ ቦታ ባመጣችው ድንጋይና እንጨት ሳይሆን ከገዛ ገላዋ በሚወጣ ክር ነው። ድሯ ሲበጠስ አትቆጣም፤ ትጠግነዋለች። እዚህም ላይ አማርኛው ተጨማሪ ምስክር ይሰጣል፤ ሸማኔ ከማግ ጋር የሚያገናኘው ክር «ድር» ይባላል፤ የሸረሪት ቤትም «ድር» ይባላል።

እናትን እንደ ቤት የማየቱን ሐሳብ ከሌሎች ሁሉ ርቃ የሄደችበት ፈረንሳይ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ኒኪ ደ ሳን ፋል ናት። በ1966 በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም፣ ከባልደረቦቿ ከዣን ቲንግሊና ከፐር ኡሎፍ ኡልትቬት ጋር ሆና «ሆን» የተሰኘች ግዙፍ ቅርጽ ሠራች። ቃሉ በስዊድንኛ «እርሷ» ማለት ነው። በጀርባዋ የተኛች፣ ርዝመቷ ከ20 ሜትር የሚበልጥ ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። ጎብኚዎች ወደ ሆዷ ገብተው በውስጧ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወሩ ነበር፤ በአንደኛው ጡቷ ውስጥም የወተት መሸጫ ተከፍቶ ነበር። ለአንዳንዶች ነውር መሰለ፤ ለቀራጺዋ ግን ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቤቱ የእናቱ ማሕፀን መሆኑን ማስታወሻ ነበር። ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ቅርጿ ፈረሰች።

ደ ሳን ፋል ከዚያ በኋላ በጣሊያን ቱስካኒ ግዛት አንድ ሰፊ የቅርጻ ቅርጽ የአትክልት ስፍራ መገንባት ጀመረች። ከቅርጾቹ አንዷ የሴት ራስና ጡት ያላት፣ የአንበሳ አቀማመጥ የተቀመጠች ንግሥት ናት። የግንባታው ሥራ ዓመታት ስለፈጀ ቀራጺዋ ራሷ በዚህች ቅርጽ ውስጥ ኖረች። አንደኛው ጡት መኝታ ቤት፣ ሌላኛው ማእድ ቤት ነበር፤ የውስጥ ግድግዳውም በመስተዋት ስብርባሪ ተለብጦ ነበር። የአትክልት ስፍራው በ1998 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

አየሩን ያቆመችው ቀራጺ

እንግሊዛዊቷ ሬቸል ዋይትሪድ መንገዷ የተለየ ነው። እርሷ የምትቀርጸው ግድግዳውን ሳይሆን በግድግዳዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል አንባቢ ምሳሌው ቀላል ነው፤ ጭቃ በጣሳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከደረቀ በኋላ ጣሳው ተቀዶ ቢነሣ፣ የሚቀረው ጭቃ የጣሳውን ውስጥ ቅርጽ ይይዛል። ዋይትሪድ ይህንን በአንድ ሙሉ ቤት ላይ አደረገችው።

ቤቱ በምሥራቅ ለንደን ግሮቭ በተባለ መንገድ ላይ ከተደረደሩት አሮጌ ቤቶች የመጨረሻው ነበር። አካባቢው የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ስለተወሰነ ጎረቤቶቹ በሙሉ ፈርሰዋል። በ1993 ዋይትሪድና አብረዋት የሠሩት ባለሙያዎች የቤቱን ክፍሎች በውስጥ በኩል በኮንክሪት ለበጧቸው፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የውጭውን የጡብ ግድግዳ እየፈለቀቁ አነሡት። ጥቅምት ላይ ሥራው ሲጠናቀቅ ሰው የማይገባበት፣ በር የማይከፈትለት ግራጫ ቤት ቆሞ ታየ። ቀድሞ የተጎደጎደው ሁሉ አብጦ ወጣ፤ ያበጠው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። የእሳት ምድጃዎቹ እንደ እብጠት ወደ ውጭ ተገፍተው ወጡ፤ የደረጃዎቹና የመብራት ማብሪያዎቹ አሻራ በኮንክሪቱ ላይ ታተመ።

ያንን ቅርጽ ያዩ ሰዎች የሞተ ሰውን ፊት በጀሶ ቀድቶ የማስቀረት የአውሮፓውያንን ልማድ አስታወሱ። በዚያ ቤት ውስጥ ሰዎች ተወልደዋል፤ ታመዋል፤ ተጣልተው ታርቀዋል። የቤቱ አየር ይህን ሁሉ ይዞ የነበረ ያህል፣ ኮንክሪቱ አየሩን አጥንት አደረገው።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። አንዳንዱ ታላቅ የመታሰቢያ ሐውልት አለው፤ ሌላው የገንዘብ ብክነት አለው። አንድ ሰው በቅርጹ ላይ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ሲጽፍ፣ ሌላው «ለምን አይሆንም?» ብሎ ከጎኑ መለሰ። በኅዳር ወር ዋይትሪድ በብሪታንያ ታዋቂ የሆነውን የተርነር ሽልማት ስታሸንፍ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የአካባቢው ምክር ቤት ቅርጹ እንዲፈርስ የወሰነውም በዚያው ዕለት ነበር። ጥር 11 ቀን 1994 ቅርጹ በማሽን ፈረሰ። ዛሬ በቦታው ሣር በቅሎበታል። የቆመው ለሦስት ወራት እንኳ ባይሞላም፣ አንድ ተራ ቤት ሲፈርስ አብሮ የሚፈርሰው ምን እንደሆነ ለብዙዎች አሳይቶ አለፈ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የላሊበላን ጠራቢዎች ማስታወሱ አይቀርም። ዋይትሪድ ባዶውን ሞልታ ግድግዳውን አነሣች፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ግን አለቱን ከአናቱ ጀምረው ወደ ታች እየፈለፈሉ፣ ድንጋዩን እያወጡ ባዶ ቦታ ፈጠሩ። ቤተ ጊዮርጊስ በድንጋይ ላይ ድንጋይ ተደርቦ የተገነባ ሳይሆን ከአንድ አለት ተቀርጾ የወጣ ነው። ስለዚህ ሕንጻም ነው፤ ቅርጻ ቅርጽም ነው።

በሻንጣ የሚጓዝ ቤት

በ1962 በደቡብ ኮሪያ ሴኡል የተወለደው ዶ ሆ ሱ የሚያነሣው ጥያቄ ሀገሩን ትቶ ለሄደ ሰው ሁሉ የቀረበ ነው። አባቱ የታወቀ ሠዓሊ ነበር፤ ቤተሰቡም በባህላዊ የኮሪያ አሠራር በተገነባ የእንጨት ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ዶ ሆ ሱ በ1991 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ። በባዕድ ከተማ እንቅልፍ ሲያጣ የሚናፍቀው የልጅነት ቤቱን ነበር። ቤቱን ነቅሎ ማምጣት አይችልም፤ ስለዚህ ለካው፤ ከዚያም ሰፋው።

በ1999 የቀረበው «የሴኡል ቤት» ከስስ ሐር የተሰፋ፣ የእውነተኛውን ቤት ልክ የጠበቀ ሥራ ነው። ወለል የለውም፤ ከጣራ ላይ ተሰቅሎ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ጣራው፣ መስኮቱና የበሩ ጌጥ ሳይቀሩ በክር ተሠርተዋል። ብርሃን ያሳልፋል፤ ሰው አጠገቡ ሲያልፍ ይወዛወዛል። ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ይታጠፋል፤ በሻንጣ ይከተታል፤ ወደሚቀጥለው ከተማ ይጓዛል። በሄደበት ከተማ ሁሉ የከተማው ስም በሥራው ርእስ ላይ ይጨመርበታል፤ ከሀገር ሀገር የሚዞር ስደተኛ በፓስፖርቱ ላይ ማኅተም እንደሚጨመርለት ማለት ነው።

ቀራጺው ልብስን ከሁሉ የጠበበ ቤት፣ ቤትን ደግሞ የሰፋ ልብስ አድርጎ ያያል። ከቆዳ ቀጥሎ ልብስ፣ ከልብስ ቀጥሎ ክፍል፣ ከክፍል ቀጥሎ ቤት፣ ከቤት ቀጥሎ ሰፈርና ሀገር አለ። በብርድ ሌሊት ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ሜዳ ላይ ያደረ እረኛ ይህን ያለ አስረጅ ያውቀዋል፤ የዚያን ሌሊት ቤቱ ጋቢው ነበር።

ዶ ሆ ሱ ለዓመታት የኖረበትን የኒውዮርክ መኖሪያ ሲለቅ ደግሞ ሌላ ነገር አደረገ። የክፍሎቹን ውስጥ በሙሉ በነጭ ወረቀት ለበጠ፤ ከዚያም በባለ ቀለም እርሳስ እያሸ የእያንዳንዱን እጀታ፣ ቧንቧና ስንጥቅ አሻራ በወረቀቱ ላይ አወጣ። ለሥራው የሰጠው ስም በእንግሊዝኛ «ማሸት» እና «ማፍቀር» የሚሉትን ቃላት ያጣምራል፤ ሁለቱ ቃላት በኮሪያውያን አነጋገር ተመሳስለው ይሰማሉና። የታመመ ገላ በእጅ እየታሸ እንደሚታከም ሁሉ፣ የሚለቀቀውም ቤት በእጅ እየታሸ ተሰናበተ።

በዐረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ በሰሜን አሜሪካ በኪራይ ቤት የሚኖር ወንድም፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በሸራ ሥር ያደረ አባወራ፣ ሁሉም በልባቸው የሚሸከሙት አንድ ቤት አለ። የዶ ሆ ሱ ሐር ያንን ሸክም በዓይን እንዲታይ አድርጎታል።

ሸክሙ በምሳሌ ሳይሆን በእውን የሚታይበት ቦታም በሀገራችን አለ። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በጉጌ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚያንጹት ረጅም ቤት ፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ክፍል እየተቆረጠ የቤቱ ቁመት ያጥራል፤ ሰው ሲያረጅ ጎብጦ እንደሚያጥር ማለት ነው። ማዛወር ካስፈለገም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ይወስዱታል።

ለሙታን የቆሙ ቤቶች

በቤትና በገላ መካከል ያለውን ዝምድና በድንጋይ ለመቅረጽ አውሮፓና አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። አክሱማውያን በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በነገሥታትና በመኳንንት መቃብር ላይ ያቆሟቸው ታላላቅ ሐውልቶች ፎቅ ቤቶች ናቸው። ከታች በር ተቀርጾባቸዋል፤ በሩ ግን አይከፈትም። ከበሩ በላይ መስኮቶች ፎቅ በፎቅ ተደርድረዋል፤ በመስኮቶቹም ማንም አያይም። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ዛሬ ተሰብሮ ወድቆ የሚታየው ሐውልት ርዝመቱ ወደ 33 ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 520 ቶን ይገመታል።

በፎቆቹ መካከል ክብ ክብ ሆነው ወጣ ያሉ ቅርጾች በረድፍ ይታያሉ። አክሱማውያን ቤት ሲሠሩ ድንጋዩን በእንጨት ያስሩት ነበር፤ የእንጨቶቹ ጫፍ ከግድግዳው ውጭ ይቀር ነበርና ጠራቢዎቹ ያንኑ በድንጋይ አስመስለው ቀረጹት። እነዚህ የእንጨት ጫፎች በባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቁበት ስም «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ነው። ግድግዳው እዚህም የገላ ስም አልተለየውም።

ከእነዚህ ሐውልቶች አንዱ በ1929 ዓ.ም በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ ነበር። በ1997 ዓ.ም ተቆራርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም ዳግም በቦታው ቆመ። ሕዝቡ መመለሱን በእልልታና በደስታ የተቀበለው ድንጋይ ስለተመለሰ ብቻ አልነበረም፤ ከቤቱ ርቆ የኖረ ዘመድ ወደ ቤቱ ሲገባ እንደሚደረገው ነበር። ያ ሐውልት ራሱ ቤት መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስደንቃል።

ከመፍረሱ በፊት

እነዚህ ሥራዎች ተራ ነዋሪን ምን ያገባዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በየመንደሩ በሚታየው ለውጥ ውስጥ አለ። ሣር ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን እየለቀቀ ነው፤ በከተማም አሮጌ የጭቃ ቤቶች እየፈረሱ የብሎኬት ሕንጻዎች ይቆማሉ። ለውጡ ብዙ ጥቅም አለው። ቆርቆሮ በየጥቂት ዓመቱ መከደን አያስፈልገውም፤ የክዳን ሣርም እንደ ቀድሞው በቅርብ አይገኝም። ጭስ የማይታፈንበት ማእድ ቤት ለእናቶችና ለሕፃናት ሳንባ ጤና ነው። አሮጌ ስለሆነ ብቻ ሁሉ ይጠበቅ የሚል ክርክር የሚጥም አይደለም።

ሆኖም ቤት ሲፈርስ እንጨቱና ጭቃው ብቻ አይደለም የሚሄደው። በምርጊቱ ላይ የአያት ጣት አሻራ አለ። መደቡን ደጋግማ የለቀለቀችው እናት የእጇን ስፋት ትታበታለች። በመቃኑ ላይ የልጆች ቁመት የተለካበት ጭረት ይኖራል። የቤቱን ክፍሎች ስም፣ ማለትም ማገሩን፣ ዋልታውን፣ ወራጁን፣ ጓዳውንና ቆጡን ለይተው የሚጠሩት ሽማግሌዎችም ከቤቶቹ ጋር አብረው እያለፉ ነው። ቤቱ የሌለ ልጅ ስሙን አይማርም።

ዋይትሪድ አንድን ቤት በኮንክሪት ለመቅዳት ባለሙያዎችና ገንዘብ አስፈልጓታል፤ ዶ ሆ ሱ ግን ሥራውን የጀመረው በሜትር ብቻ ነበር። ማንኛውም ቤተሰብ አሮጌውን ቤት ከማፍረሱ በፊት ርዝመቱንና ወርዱን ለክቶ መመዝገብ፣ ውስጡንና ውጭውን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ማን እንደሠራው፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ በደቦው እነማን እንደተሳተፉ፣ ማን እንደመረገው አዛውንቶችን ጠይቆ መጻፍ ይችላል። የወንዶቹ ስም ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ማን ምሰሶውን እንደተከለ ይነገራል። የሴቶቹ ግን ሳይጻፍ ይቀራል። መዝገቡ ሲዘጋጅ ጭቃውን ያቦካችውና ግድግዳውን የለሰነችውም በስሟ ትጻፍ።

ሉዊዝ ቡርዥዋ በ2010 በ98 ዓመቷ ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች። ፊት አልባዋን ሴት ከሣለች ከስልሳ ዓመታት በላይ አልፎ ነበር። በየቤቱ ጓዳ ውስጥ ግን ያቺ ሴት ዛሬም ቆማለች፤ ቤቱን በራሷ ተሸክማ፣ ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ «የለኝም» ትላለች።